ኳስና ጠላ በደብረ ብርሃን፦ ከጓደኞች ጋር የሁለት ቀን ጉዞ እንዴት ይሰናዳል

አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ማየት ቀላል ነው። ጠላም አይጠፋም። የሚከብደው ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ሳይጣደፉ፣ ከሚወዱት ሰው ጋር ማግኘት ነው። ለዚህ ደብረ ብርሃንን የሚያህል ከተማ በቅርብ አላውቅም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዙሪያዋ የገብስ አገር ስለሆነ ጠላው ከምንጩ ነው። ብርዱ ጠንካራ ነው፣ አረቄዋም ስመ ጥር ነው። ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ስላለባት ደግሞ ቅዳሜ ኳስ የሚያይ ወጣት ሞልቷል።

እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም በሰዓት ነው። ቀኑን በመጠጥ የጀመረ ቡድን ጨዋታው ሲደርስ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ይጨቃጨቃል። ስለዚህ ቀኑን ኳሱ ይምራው። ምሳው፣ ጠላው፣ አልጋው ሁሉ የጨዋታውን ሰዓት ተከትሎ ይደርደር።

1. መጀመሪያ ጨዋታውን ምረጡ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ይካሄዳል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ፕሮግራሙን እዩ። መስከረም ውስጥ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይና መጋቢት አጋማሽ አካባቢ ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ የሚቋረጥባቸው ሳምንታት አሉ። በነዚያ ቅዳሜዎች ከሄዳችሁ የምታዩት ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም። ስለዚህ ያው የቅዳሜ ጨዋታ እኛ ጋ በሁለት ዓይነት ሰዓት ይመጣል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ የቅዳሜ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9፡30፣ ከምሽቱ 12፡00 እና ከምሽቱ 2፡30 ላይ ናቸው። በቀሪዎቹ ወራት አንድ ሰዓት ይቀድሙና 8፡30፣ 11፡00 እና 1፡30 ይሆናሉ። ይህን ያላስተዋለ ሰው የመጀመሪያውን አጋማሽ ያመልጠዋል።

ለዚህ ጉዞ የምመክረው የመካከለኛውን ሰዓት ነው። የ12 ሰዓቱ ጨዋታ ከሆነ ምሳችሁን ተረጋግታችሁ በልታችሁ፣ ጠላ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ትደርሳላችሁ። ሲያልቅም ገና ወደ 2 ሰዓት ነው፣ እራትና ጨዋታ ይቀራል። የ2፡30ው ካለቀ በኋላ ግን 4 ሰዓት ተኩል ይሞላል። በደብረ ብርሃን ብርድ በዚያ ሰዓት ከአልጋ ሌላ የሚያምር ነገር የለም።

በነገራችን ላይ ይህ የመካከለኛው ሰዓት ጨዋታ በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚደረገው ነው። እዚያ አገር ሰው ስታዲየም እንዲገባ ሲባል በዚያ ሰዓት ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። የለንደኑ ደጋፊ ትኬት ካልቆረጠ የማያየውን ጨዋታ እናንተ ደብረ ብርሃን ላይ ቆሎ እየበላችሁ ታያላችሁ።

የፆም ወቅትንም አትርሱ። ከጓደኞቻችሁ ፆመኛ ካለ ሁዳዴ ውስጥ መሄድ ምግቡን ያጠብበዋል። የሥላሴ ዓመታዊ በዓል፣ ጥር 7፣ እና ጥምቀት አካባቢም አልጋ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን መሄድ የፈለገ ቀደም ብሎ አልጋ ይያዝ።

2. ሰው ቁረጡ፣ ገንዘብ ያዥ ሹሙ

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠላ ቤት አንድ አግዳሚ ላይ አትበቁም፣ ኳስ ቤትም አብራችሁ አትቀመጡም። ሁሉም የአንድ ክለብ ደጋፊ ባይሆን ይሻላል። አንድ የማንቼና አንድ የአርሴናል ቲፎዞ ከሌለበት ማን ማንን ያበሽቃል? መጠጥ የማይጠጣ ጓደኛም ከጉዞው አይቀር። ጠጅ ቤት ውስጥ ብርዝ አለ፣ ሻይ የትም አለ፣ ኳሱ ደግሞ የሁሉም ነው።

ገንዘብ ላይ በግልጽ ተነጋገሩ። እኩል አዋጡና ከመካከላችሁ አንዱ ይያዘው። ይህን የምለው ለሒሳብ ብቻ አይደለም። «የዚህ ዙር የኔ ነው» የሚባለው ነገር ደስ ይላል፣ ግን ስድስት ሰው ስድስት ዙር ያዛል ማለት ነው። ማንም መቅረት አይፈልግም፣ ማንም እንቢ ማለት አይችልም። አንድ ገንዘብ ያዥ ሲኖር የሚበቃውን እሱ ያውቃል። የተወሰነው ገንዘብ በዝርዝር ብር ይሁን። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ትንሽ ጠላ ቤት ውስጥ ግን ኔትወርክ ሲፈልጉ መቆም አያምርም።

ስለ ቤቲንግም አንድ ነገር ልበል። የአምስት ጨዋታ ትኬት ቆርጦ የመጣ ሰው ከናንተ ጋር ኳስ አያይም። ስልኩን ነው የሚያየው። ለሁለት ቀን ቢቀር ምንም አይጎድልበትም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

3. መንገዱ

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ደውሉና የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ የጸጥታ ችግር ያየ አካባቢ ነው። «ዛሬ ባትመጡ ይሻላል» ከተባላችሁ ቅር አይበላችሁ፣ ጨዋታ በየሳምንቱ አለ። ስትሄዱም ስትመለሱም በቀን ብርሃን ይሁን።

መኪና የሌላችሁ ከላምበረት መናኸሪያ ትሳፈራላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ 4 ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ። መንገዱ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ ያልፋል። ሸኖ የቅቤ አገር ናት፣ ቤት ውስጥ የታዘዘ ካለ ስትመለሱ ግዙ። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ያለው አንጎለላ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አገር ነው።

የራሳችሁን መኪና ከያዛችሁ የሚነዳው ሰው በጉዞው ቀን አይጠጣም። «አንድ ጣሳ ምን ያደርጋል» የሚባል ነገር የለም። ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪናውን አልጋ የያዛችሁበት ግቢ አቁሙትና በባጃጅ ተንቀሳቀሱ።

ልብስ ላይ አትዘናጉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ወፍራም ጃኬት፣ ካልሲና ጋቢ ያዙ። ጋቢው ለኳስ ቤትም ይሆናል።

4. አልጋና ምሳ

እንደደረሳችሁ አልጋ ያዙ። ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ ሙቅ ውሃ በትክክል ይመጣል ወይ፣ ብርድ ልብስ ይጨምራሉ ወይ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ሁለተኛ ብርድ ልብስ መጠየቅ አያሳፍርም።

ምሳው የበግ ጥብስ ይሁን። የመንዝ በግ ያለበት አገር መጥቶ ሌላ ማዘዝ ይቆጫል። ጠግባችሁ ብሉ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ባዶ ሆድ አይወድም።

5. ኳስ ቤቱን በቀን እዩት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ምሳ እንደበላችሁ ዲኤስቲቪ የሚያሳዩትን ቤቶች እየተዘዋወራችሁ እዩ። ደጃፋቸው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ ወይም የተለጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። የዕለቱ ጨዋታ ከነሰዓቱ ተጽፏል። በአንድ ሰዓት አራት አምስት ጨዋታ ስለሚኖር የናንተ ጨዋታ በየትኛው ስክሪን እንደሚታይ አስረግጣችሁ ጠይቁ። ትልቁ ስክሪን ሁልጊዜ ብዙ ደጋፊ ላለው ቡድን ነው። የናንተ ቡድን ትንሽ ከሆነ ጥግ ያለችው ቴሌቪዥን ትደርሳችኋለች፣ ያንን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ መብራት ነው። «መብራት ቢሄድ ጀነሬተር አላችሁ?» በሉ። «አለ» ካሉ ነዳጁንም ጠይቁ። 80ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄዶ ጎሉን ከጎረቤት ጩኸት መስማት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያየው ያውቀዋል።

ምርጫ አላችሁ። ኳስ ብቻ የሚታይበት ቤት መግቢያ ከፍላችሁ በአግዳሚ ተደርድራችሁ የምታዩበት ነው። መጠጥ የለበትም ወይም ትንሽ ነው፣ ጨዋታው ግን በደንብ ይታያል፣ ተንታኙም ብዙ ነው። ቢራ የሚሸጥበት ባርና ሬስቶራንት ደግሞ ወንበሩ ይመቻል፣ ግን ለሙዚቃ ሲባል የኮሜንታተሩ ድምፅ ይዘጋል። ለትልቅ ጨዋታ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኳሱን የሚያውቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ ለራሱ ትምህርት ነው።

6. ጠላ ቤት

ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የጠላ ነው። ስሙ የገነነ ቤት አትፈልጉ። እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ደጃፉ ላይ ካያችሁ ጠላ አለ ማለት ነው። የትኛው ቤት ጥሩ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ጠይቁ። «አባባ፣ ዛሬ ጥሩ ጠላ የት እናገኛለን?» ስትሉ «ዛሬ» የሚለው ቃል ቁም ነገር አለው። ጠላ እንደ ቢራ አይደለም። አንዷ ባለፈው ሳምንት የጠመቀችው ዛሬ ኮምጥጦ ይሆናል፣ ሌላዋ ዛሬ ገና ጋኑን ከፍታ ይሆናል።

ጠላ ቤት የሰው ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ሴትዮዋ የምትኖርበት፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ክፍል ነው። እንደ እንግዳ ግቡ። በሩ ላይ ቆም ብላችሁ «እንደምን ዋላችሁ» በሉ። ትልቅ ሰው ከውጭ ሲገባ ከመቀመጫችሁ ብድግ ብላችሁ «ኖር!» በሉ፤ እሱም «በእግዜር» ይላችኋል። ባለቤቷን በዕድሜዋ ጥሩ፤ እናታችሁ ከሆነች «እማማ»፣ ታላቅ እህታችሁ የምትሆን ከሆነች «እትዬ»። «አስተናጋጅ» ብሎ መጮህ ነውር ነው። ሳትጠይቁ ቪዲዮ መቅረጽም እንደዚያው። አርፎ የተቀመጠ ሽማግሌ ቲክቶክ ላይ ራሱን ማየት አይፈልግም።

ጠላው እንዴት እንደሚቀዳ ልብ ብላችሁ እዩ። ባለቤቷ ጆጉን ታዘነብልና መጀመሪያ ትንሽ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች። ከዚያ ነው የናንተን የምትሞላው። ይህ አክብሮት ነው፤ «የማልጠጣውን አላጠጣችሁም» ማለቷ ነው። እናንተም ዓይናችሁን ስልክ ላይ አታድርጉ፣ ተቀበሉና «እግዜር ይስጥልኝ» በሉ።

ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ይቻላል። ጥሩ ጠላ ወደ አፍንጫ ሲቀርብ ቀለል ያለ የጭስ ሽታ አለው። ይህ የሚመጣው እንስራው በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ስለሚታጠን ነው። ከዚያ የጌሾው ምሬት ይከተላል፤ ምላስ ላይ ቆየት ይልና ይጠፋል። ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ኮምጣጣ ከሆነ ቆይቷል። ጣፋጭና ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ ገና አልደረሰም፤ ሆድ ይነፋል። ሆዱ ስስ የሆነ ሰው ጉሹን ትቶ በደንብ የተጠለለውን ይጠይቅ።

ፈቃደኛ ከሆነች አሠራሩን ጠይቋት። ደስ ብሏት ትናገራለች። ብቅሉና ጌሾው መጀመሪያ ይጠነሰሳል። ገብሱ ይቆላና ይፈጫል፣ ከዚያ በውሃ ተለውሶ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። ከጥንስሱ ጋር ተዋሕዶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ውሃ ተጨምሮበት ይታፈናል። እናንተ በአንድ ትንፋሽ የምትጠጡት የሳምንት ድካም ነው። ስለዚህ ዋጋ አትከራከሩ። ምርቃት መጠየቅ ግን ይቻላል፣ እሱ የወግ ነው፦ «እትዬ፣ ትንሽ ይመርቁልን»።

ስንት ይጠጣ? የጠላ የአልኮል መጠን እንደ አጠማመቁ ይለያያል፣ አብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ስትነሱ ነው የምታውቁት። ሁለት ጣሳ ከቆሎ ጋር፣ ውሃ እየጠጣችሁ፣ በዚያ ላይ ወሬ ካለ ከሰዓቱ ይሞላል። ከጎናችሁ ያሉትን ሰዎች አጫውቷቸው። ስለ መኸሩ፣ ስለ ብርዱ ጠይቁ። ኳስ ወዳድ ሽማግሌ ካገኛችሁ ደግሞ 1954 ዓ.ም.ን ንኩለት፤ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበትን ዓመት። በራዲዮ የሰማ ወይም ከአባቱ የሰማ ሰው አይጠፋም።

7. ጨዋታው

ከጠላ ቤት ስትወጡ ትንሽ በእግራችሁ ሂዱ። ንጹህ አየሩ ያነቃል። ከዚያ አንድ ማኪያቶ ወይም ሻይ። ጨዋታው ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቦታ ያዙ፣ መካከለኛው ረድፍ ይሻላል። ከፊት አንገት ያማል፣ ከኋላ የሚቆም ሰው ይጋርዳል።

ማብሸቅ ይፈቀዳል፤ ግን ከራሳችሁ ጓደኛ ጋር። የማታውቁትን ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ አትንኩት። እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ እሱ በሰፈሩ ነው። ነገር ከከረረ ዝም በሉ ወይም ቦታ ቀይሩ። በዕረፍት ሰዓት ሁላችሁም አትውጡ፣ አንድ ሰው ቦታ ይጠብቅ።

8. ከጨዋታው በኋላ

እራት ብሉ። ከዚያ ጠጅ ወይም አረቄ፣ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ግን አይደለም። ጠላ ላይ ጠጅ፣ ጠጅ ላይ አረቄ የደረበ ሰው እሁድን አያያትም።

ጠጅ ካላችሁ በብርሌ ይመጣላችኋል። ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መካከለኛው ለጀማሪ ጥሩ ነው። የማር መሆኑን ጠይቁ፤ ስኳር የበዛበት ጠጅ ጠዋት ራስ ይፈልጣል።

አረቄ ካላችሁ በመለኪያ ነው፤ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ደብረ ብርሃን መጥቶ አረቄዋን ሳይቀምሱ መመለስ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ የወጣው ነው፣ የአልኮል መጠኑ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ከጠላ ጋር በፍጹም አይወዳደርም። ፉት እያላችሁ ጠጡ፣ አንዴ አትገልብጡት። ሰው የሚጠጣበትን፣ ባለቤቷ የምትታወቅበትን ቤት ምረጡ። ከመንገድ ላይ ከማታውቁት ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ አትግዙ። ቢራ ለሚወድ ደግሞ ሐበሻም ዳሽንም ፋብሪካ ያላቸው እዚሁ ከተማ ነው፣ አዲስ ቢራ አይቸግርም።

ወደ አልጋችሁ በባጃጅ ተመለሱ። አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ግቡ፤ «እኔ ትንሽ ልቆይ» የሚለውን ሰው ይዛችሁት ሂዱ። በዚያ ብርድ ጠጥቶ ውጭ መቆየት አደጋ ነው፤ መጠጥ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል።

9. እሁድ

ጠዋት የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ብሉ። ጊዜና መኪና ካላችሁ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ አንኮበር ነው፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው ተራራ። ሌላው ጣርማ በር ነው፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ቁልቁል ታያላችሁ፣ ጭላዳ ዝንጀሮም አይጠፋም። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ።

እሁድም ጨዋታ አለ ብላችሁ ግን አትቆዩ። የእሁዱን አዲስ አበባ ገብታችሁ ታዩታላችሁ። ቆሎና በሶ ለቤተሰብ ግዙና ከ8 ሰዓት በፊት ተሳፈሩ። ገንዘብ ያዡ የተረፈውን መኪና ውስጥ ያከፋፍል፤ ላምበረት ከወረዳችሁ በኋላ ሁሉም ወደየሰፈሩ ታክሲ ይሮጣል።